ዱጉማ አፉን ያልያዘበት ሽምግልና

ዱጉማ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሠላሳ ዓመት ጫማ ሰፍቷል። አፉ ከወስፌው ይብሳል። "ይሄ አልቆለታል፣ ውሰጂና ቅበሪው!" እያለ የሰው ጫማ ይመልሳል። እኔ ራሴ ስንቴ ተናድጄ ሌላ ጋ አሰፍቼ፣ በሳምንቱ ሲቦጨቅብኝ አፍሬ ወደ እሱ ተመልሻለሁ።

አምና የሰፈራችን ልጅ ቃለሕይወት ትሕትና የምትባል ልጅ ሊያገባ ፈልጎ ሽማግሌ ሁኑኝ አለን። ወላጅ የለውም፣ ያሳደገው ጎረቤት ነው። እኔና ነጋዴው ኢብራሂም እሺ አልን። ሦስተኛው ዱጉማ ይሁን ሲል ግን "አብደሃል እንዴ?" አልኩት።

"እሱ ካልሄደ ይቅርብኝ" ብሎ ድርቅ አለ።

ምን ይደረግ! ዱጉማን "አንተ አሜን ብቻ በል" ብለን አስጠንቅቀን ሄድን።

የልጅቷ አባት አቶ ገብረጊዮርጊስ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። እያለከለክን ወጣን፣ እንደ ደንቡም ቆመን ልጃቸውን ጠየቅን።

"የልጁ ጠባይ እንዴት ነው?" አሉ።

"መልአክ ነው!" አልኩ። "አይቆጣ፣ አይሳደብ፣ ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም።" ኢብራሂም ወላሂ ሊል ጀምሮ ዋጠው።

የሰውየው ፊት ጠቆረ። "ትልቋን ልጄንም ለመልአክ ነበር የዳርኳት። ዓመት ሳይሞላት ተደብድባ ተመለሰችልኝ።"

ኧረ በማርያም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በሉ ውጡልኝ ሊሉን ነው ስል ዱጉማ ጉሮሮውን ጠረገ። እግሩን ረገጥኩት። የት ሊሰማ!

"ጌታዬ፣ ይቆጣል" አለ። "ጫማዬን ሰረቅከኝ ብሎ በሰው ፊት ሌባ ብሎኛል። ጫማው ለካ አልጋው ሥር ኖሯል። በማግስቱ እነዚያው ሰዎች ፊት ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ። ድንጋዩን ደግሞ ከመንገድ ሠሪዎች ነው ያነሳው፣ ኮብልስቶናችንን ብለው እየሮጡ መጥተው ቀሙት! ከዚያ ወዲህ ንዴቱ ሲመጣበት እኔ ጋ መጥቶ ይቀመጣል፣ ሲበርድለት ይሄዳል። እጁን በሰው ላይ ሲያነሳ ግን አላየሁም።"

አቶ ገብረጊዮርጊስ ወደ እኔ ዞሩ። "እርስዎ ይህን ያውቁ ነበር?"

"አዎ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"እንግዲህ ከልጄ ጋር ልምከርበት። በሳምንቱ ስትመጡ እሳቸው ይናገሩ" አሉ ወደ ዱጉማ እየጠቆሙ።

ደረጃውን ስንወርድ "ዝም በል አላልንህም?" ብዬ ጮህኩበት።

"ቀዳዳውን ሳላሳይህ ጫማህን ሰፍቼልህ አውቃለሁ?" አለኝ። "ታዲያ በሰው ልጅ ሲሆን ምን አስዋሸህ?"

በሳምንቱ ትሕትናን ሰጡን። እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ሽማግሌ የመጣብኝ ዕለት ዱጉማን አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ።