ከድንበር ድንጋይ ስር የወጣው ምሳ ዕቃ

ባለፈው ቅዳሜ ያየሁትን እስካሁን ማመን አቅቶኛል... ደጋግሜ ሳስበው ራሴ ይዞራል።

ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ለሥራ ሰቆጣ ከተመደብኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ መውጣት ልማዴ ሆኗል። የቢሮ ባልደረባዬ ኪሮስ የአገሩ ልጅ ስለሆነ መንገዱንም ሰዉንም ያውቃል። ሰሞኑን ደግሞ ጂኦካሺንግ የሚባል ጨዋታ ስልኬ ላይ ጫንኩ። አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ የሆነ ቦታ ይደብቅና ቦታውን አፑ ላይ ይመዘግባል። ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል። ያገኘ ሰው ከውስጡ አንድ ነገር ወስዶ የራሱን ይተካል፣ በቃ። በእኛ አካባቢ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ ከዓመታት በፊት አንድ ፈረንጅ ደብቆት የሄደ።

ኪሮስ «ሰው የጠፋበትን ይፈልጋል፣ አንቺ ያልጠፋብሽን ፍለጋ ዳገት ታስወጪኛለሽ» እያለ እየተነጫነጨ ተከተለኝ።

ከላይ ኔትወርክ ስለሌለ ካርታውንም ፈረንጁ አፑ ላይ የለጠፈውን ፎቶም ከተማ እያለን አውርጄዋለሁ። ረፋዱ ላይ ቦታው ስንደርስ ግን ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ራቅ ብላ ቆማለች። መሀል ላይ በእሾህ የታጠረ ነገር አለ... አንገቴን አስግጌ ሳይ ሰማያዊ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነው።

በዚያች ቅጽበት ስልኬ «ደርሰዋል» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ አፈጠጠብኝ።

ኪሮስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና ሰላም ብሎ ጠየቃቸው። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«ያ የምንፈልገው ዕቃ... መተት ነው ብለዋል» አለኝ በሹክሹክታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያ ሞላ የሚባል ገበሬ ፍየሎቹ አለቁበት። ከዚያ በእሱና በጎረቤቱ በወይዘሮ አበቡ ማሳ ድንበር ላይ ካለ ድንጋይ ስር ይህን ዕቃ አወጣና «ቀብራብኝ ነው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንደሩ ለሴትዮዋ እሳትና ውሃ ከልክሏታል። ደጇን የሚረግጥ ጠፍቷል። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ሊያስምሏት ነው። አያ ሞላ ደግሞ ብትምልም አላምናትም፣ ማሳዋን ትታ አገሩን ትልቀቅልኝ ብሏል።

ደሜ ፈላ። «አባቶቼ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው! ፈረንጅ የደበቀው ነው!» አልኩ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አባ ወልዱ ረጋ ብለው በአማርኛ ጠየቁኝ።

«ታዲያ ልጄ፣ የተቀበረበትን ስልክሽ በምን አወቀ?»

እኔ መልስ ስፈልግ አያ ሞላ ቀደመኝ። «በምን ያውቃል፣ ግብረ አበሯ ናታ። ይኸው በእግሯ መጣች።»

ሴትዮዋን አድናለሁ ብዬ አብሬያት ልማል ነው እንዴ?

ያኔ ፎቶው ትዝ አለኝ። ፈረንጁ ሲደብቀው የተነሳውን ከፍቼ ስልኩን ለአባ ወልዱ ሰጠኋቸው። ብርሃኑን በእጃቸው ከልለው አዩት። ፈረንጁ ያንኑ ምሳ ዕቃ ይዞ ከዚያው ድንጋይ አጠገብ ቆሟል፣ ከኋላው በቅሎ አለች። አባ ወልዱ አጠገባቸው ላሉት አቀበሉ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፈረንጁን ልብ ያለው የለም።

«ይህች ጆሮዋ የተሰነጠቀው... የሞላ በቅሎ አይደለችም?» አለ አንዱ።

ልጓሟን የያዘው ደግሞ ራሱ አያ ሞላ ነው። ያኔ ጸጉሩ አልሸበተም፣ ፈገግ ብሏል፣ ዓይኑ ምሳ ዕቃው ላይ ነው።

እኔ ራሴ ክው አልኩ። ፎቶውን ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ... ግን ያ ሰውዬ ይህ ሰውዬ መሆኑን በምን አውቄ።

አያ ሞላ ላብ አጠመቀው። «በቅሎዬን አከራይቼው ነበር... ዕቃ ማስቀመጡን ግን ረስቼዋለሁ» አለ።

አባ ወልዱ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። «ፍየሎችህ ሲሞቱ፣ ከዚህ ሁሉ ድንጋይ ያን ድንጋይ እንድታነሳ ማን አስታወሰህ?»

አያ ሞላ አንገቱን ደፋ።

ወይዘሮ አበቡ ከቆመችበት መጣች። እሾሁን በእግሯ ገፋ አድርጋ ምሳ ዕቃውን አነሳችው። ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ። ክዳኑን ስትከፍት የልጆች መኪና፣ አንድ ቁልፍ መያዣ፣ ትንሽዬ መስታወት። መስታወቱን አነሳችና ፊቷን አየችበት። ኪሮስ የጨዋታውን ደንብ ሲነግራት ከነጠላዋ ስር ጧፍ አወጣች፣ አጠፍ አጠፍ አድርጋ ከተተችው።

«ለመሐላው ይዤው የመጣሁት ነበር» አለች። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው፣ የእኔም።

ስንለያይ እጄን ይዛ «እግዜር ነው የላከሽ» አለችኝ። ስለ ሳተላይት ላስረዳት አፌን ከፍቼ... ተውኩት።

ማታ ሰቆጣ ገብቼ አፑን ስከፍት «ለቀጣዩ ፈላጊ መልእክት አለዎት?» አለኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ... «እዚህ አገር ዕቃ ስትደብቁ ለመንደሩ ሁሉ ንገሩ፤ ባለበቅሎው ብቻ ማየቱ አይበቃም።»