ሾፌሩ ይሁኔ ተሳፋሪ የሆነ ዕለት

ንፋስ መውጫ ላይ ይሁኔን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ዕድሜውን በእግሩ ብቻ የሄደ ነው። ከንፋስ መውጫ ወረታ፣ ከወረታ ንፋስ መውጫ ሚኒባሱን ሲያመላልስ ፀጉሩ ሸበተ። ጭጋግ ገደሉን በሚሸፍንበት ክረምት እንኳ አንድ ተሳፋሪ ጣቱን ሳይነካበት እዚህ ደርሷል። ይህንንም ሳትጠይቁት ራሱ ይነግራችኋል።

ለሾፌር ያለው መለኪያ አንድ ነው። «ተሳፋሪ ካመሰገነህ ለይሉኝታ ሊሆን ይችላል» ይላል፤ «ከተኛልህ ግን አበቃ! ሰው ነፍሱን ሰጥቶህ ነው የሚተኛው።» ቁልቁለቱ ላይ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየት ያደርግና፣ አፋቸውን ከፍተው የተኙትን ሲያይ ፊቱ ይፈካል። ያልተኛ፣ «ኧረ ቀስ በል!» እያለ የሚቁነጠነጥ ካለ ደግሞ መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «መንገዱን ለእኔ ተዉልኝ!»

እሱ ግን ለማንም ተኝቶ አያውቅም። መተኛቱ ቀርቶ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና መሄድ አይሆንለትም፤ የሚኒባሱን ቁልፍም ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። አንድ ጊዜ ለለቅሶ በባጃጅ ሲሄድ፣ ከኋላ ተቀምጦ ፍሬን የሌለውን ወለል ሲረግጥ፣ ሲረግጥ፣ በመጨረሻ «አውርደኝ!» ብሎ የቀረውን መንገድ በእግሩ ጨረሰው። ይህን ያየው የጨርቅ ነጋዴው ሀሚድ ከዚያ ወዲህ አላስቀመጠውም። «አንተ ይሁኔ፣ የሞትክ ለታስ? አስከሬንህንም ራስህ ልትነዳው ነው?» ይለዋል።

እንግዲህ አምላክ ሊያሾፍበት ፈልጎ ይሁን አይታወቅም፣ የዚህ ሰው ልጅ አውሮፕላን አብራሪ ሆነች።

ቃልኪዳን ከላሊበላ በትንሽ አውሮፕላን እየተነሳች፣ አፋር ቆላ የጨው ሜዳ ላይ ለሚሠሩ ሰዎች ዕቃና ስንቅ ታደርሳለች። አባቷን «ይምጡና ላሳይዎት» ስትለው አንዴ «ጎማ ላስቀይር ነው»፣ አንዴ «ጾም ነው»፣ አንዴ «ወገቤን አሞኛል» እያለ ሲያመልጣት ኖረ። ሰሞኑን ግን ደወለችለት።

«አባባ፣ ወደ ትልቁ አውሮፕላን ልዛወር ነው። እዚያ የአብራሪው ክፍል ይቆለፋል፤ አባትም ቢሆን አይገባም። አጠገቤ ሊቀመጡ የሚችሉት በዚህ ሳምንት ብቻ ነው፤ አስፈቅጃለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አገሩ ሁሉ በእርስዎ እጅ ሲሄድ፣ እርስዎ በእኔ እጅ አንድ ቀን እንኳ ሳይሄዱ ሊቀሩ ነው?»

ይሁኔ ስልኩን ዘግቶ የሚኒባሱን ጎማ ሊያይ ወጣ። ሚስቱ ተሾመች ግን አልለቀቀችውም። «የገዛ ልጅህን ነው የምትፈራት? ወግ ነው እንግዲህ!» አለችና ጋቢውን አጣጥፋ፣ በሃይላንድ ጠበል ሞልታ፣ ደጅ ድረስ ሸኘችው። ላሊበላ ድረስ፣ መቼም፣ ራሱ ነድቶ ሄደ።

አውሮፕላኗን ሲያይ ቆም አለ። «ይቺ ናት? ሚኒባሴ ትበልጣታለች እኮ!»

ቃልኪዳን እየሳቀች ከጎኗ አስቀምጣ ቀበቶውን አሰረችለት። እግሩ ሥር ፔዳሎች ነበሩ። «እነዚህን እንዳይረግጡብኝ አባባ። የእኔና የእርስዎ የተያያዙ ናቸው፤ የረገጧቸው እንደሆነ የእኔም አብረው ይረገጣሉ።» ይሁኔ ራሱን ያውቃል። ጫማውን አወለቀ፤ እግሮቹን አጥፎ መደብ ላይ እንደሚቀመጥ ተቀመጠባቸው።

ከተነሱ በኋላ ፈራ። ኧረ ፈራ ብቻ! ከጠበሉ ግማሹን ባንድ ትንፋሽ ጨልጦ ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ጋቢው ውስጥ ጨበጠው። ተራሮቹ ከሥራቸው ሲያልፉ ቆዩ፤ ከዚያ ደጋው ተቆርጦ ቀረ፤ ወዲያ ማዶ ቆላው ብቻ ሆነ። አውሮፕላኗ መውረድ ጀመረች። በሬዲዮ የሆነ ሰው ቁጥር ተናገረ፤ ቃልኪዳን ከፊቷ ካለው ክብ መለኪያ ሥር ትንሽ ቁልፍ አዞረች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከፍታ መለኪያ ነው። ታች ያለው ሰው የአየሩን ግፊት ነገረኝ፤ በዚያ አስተካከልኩት። ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንዳልን ይነግረናል።»

ይሁኔ ዓይኑን ከመርፌው አልነቀለም። ጌጅ ማየት ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ሥራ ነው። መርፌው ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ ገባ። መሬቱ ግን ገና ከታች ነው! መርፌው ዜሮንም አለፈና መውረዱን ቀጠለ።

እንግዲህ በይሁኔ አገር ከዜሮ በታች የወረደ ጌጅ ያለው ትርጉም ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ነዳጅ አልቋል፣ ወይ ጌጁ ሞቷል። የሚኒባሱ የነዳጅ ጌጅ እንደዚህ ሲያሾፍበት በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ ነው የሚቀሰቅሰው። ጣቱም ሳያማክረው ሄደ።

«አባባ፣ እጅዎን!»

«ኧረ ልጄ፣ ሞቷል! በዚያች ቁልፍ ወደ ዜሮ ልመልሰው እንጂ!»

«አልሞተም፣ ልክ ነው። የምናርፍበት ሜዳ ራሱ ከባሕር ወለል በታች ነው፤ ስለዚህ ዜሮን ማለፍ አለበት። ለዓይናችን ደስ እንዲለን ዜሮ ላይ ብናደርገው፣ ስንመለስ ተራራው ጋ ካለንበት በላይ ከፍ ያልን አስመስሎ ይዋሸናል።» ዓይኗን ከፊት ሳታነሳ ጨመረች፤ «መንገዱን ለእኔ ይተዉልኝ።»

የይሁኔ ጣት አየር ላይ ቀረ። የገዛ ቃሉ ነው እኮ!

ያኔ ጋቢው ውስጥ የሆነ ነገር ቋ አለ። ሃይላንዱ ነው፤ ማንም ሳይነካው ጎኑ ተጨራምቷል። ይህን ይሁኔ ያውቀዋል። ተሳፋሪ ንፋስ መውጫ ላይ ጠጥቶ የዘጋው ጠርሙስ ወረታ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ወንበር ሥር ነው የሚገኘው።

«አየሩ ነው የጨመቀው?»

«አዎ! መለኪያውም ውስጥ እንደዚህ የሚጨመቅ ቆርቆሮ አለ። ወደ ታች በወረድን ቁጥር አየሩ ይከብዳል፣ ይጨምቀዋል፣ መርፌውም ይወርዳል።»

ይሁኔ ጠርሙሱን አየ፣ መርፌውን አየ። ቀጥሎ የልጁን እጅ አየ። መሪውን አንቃ አልያዘችውም፤ ለስለስ አድርጋ፣ አውራ ጣቷን ብቻ ጣል አድርጋበታለች። እሱ ቁልቁለቱን የሚወርደው እንዲሁ ነው። ማን አስተማራት? ጣቱን መለሰና ጋቢው ውስጥ ከተተው።

ጎማው መሬት ሲነካ አልተሰማውም። በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ ገረፈው፤ እሱ ግን ዕቃ ለሚያወርዱት ሠራተኞች አንድ ባንድ «አባቷ ነኝ! አባቷ እኮ ነኝ!» ይላል። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ፣ የጋይንት አሮጊቶች ወረታ ላይ ሲወርዱ ለእሱ የሚሉትን አላት፤ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው።»

ሲመለሱ መርፌው ከታች ተነስቶ ዜሮን ወደ ላይ ሲሻገር ዓይኑን ሳይነቅል ተከታተለው። ሲሻገርም «በል ጎሽ!» አለው። ከዚያ በኋላ ያለውን አያውቅም።

ትከሻውን የነካው እጅ ነው ያነቃው። «አባባ፣ ላሊበላ ደርሰናል።»

ጋቢው እስከ አገጩ ተስቦለታል። ይሁኔ በመስኮቱ አየ፣ ልጁን አየ። «ተኝቼ ነበር እንዴ?»

«አንኮራፍተዋል እኮ!» አለች ቃልኪዳን፤ ልትስቅ ፈልጋ ዕንባዋ ቀደማት። ያንን የአባቷን መለኪያ እየሰማች ነው ያደገችው።

ይሁኔ ጋቢውን ሰበሰበ። ጫማውን አጠለቀና ሚኒባሱ እስከቆመችበት ድረስ አብሯት ሄደ። እናቷን ልታይ ንፋስ መውጫ አብራው ትገባለች። ሚኒባሱ ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ አስቀመጠው፤ ዞሮም በተሳፋሪው በር ገባ።

«አባባ?» አለች ቃልኪዳን፣ ቁልፉን እያየች።

«ንጂያ፣ ምን ታዪኛለሽ?» አለ ይሁኔ፣ እግሩን ዘርግቶ ጋቢውን እየተከናነበ። «እኔ እንቅልፌን አልጨረስኩም።»