መምህር ይትባረክና መጨረሻ ያጣው ፊልም

ባለፈው ሰሞን ጂንካ ላይ መብራት ጠፋና መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጄኔሬተሩን አስነሳ። ዝናብ ነበር። በረንዳው ላይ የተጠለልን ሰዎች በስብሰናል። የቤንዚን ጭስ ከበሰበሰ ልብስና ከላብ ጋር ሲቀላቀል የሚሸተው ሽታ አለ፤ ሌላው ሰው አፍንጫውን ያዘ፣ እኔ ግን ደጋግሜ ሳብኩት። የእትዬ ዘነበች ቪዲዮ ቤት ሽታ ነበር። ብቻውንም አልመጣም፤ መምህር ይትባረክን ይዞ መጣ፣ ከነቡናማ ኮታቸው፣ ከነጠመኔ ብናኛቸው።

ስለ ተማረ ሰው ደግ ስናገር የሰማኝ የለም። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ከልጄ ጎን ቁጭ ብዬ ነው። እስከዚያ ድረስ ቢሮ በሄድኩ ቁጥር ጸሐፊው ገና ሲያየኝ እስክሪብቶውን ይሸሽግና የአሻራ ቀለሙን ያቀርብልኝ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ ደግሞ ጸሐፊዎቹ የኮሩብኝ ያ ሁሉ ወረቀት ግማሹ እንኳ ለመነበብ እንደማይበቃ አየሁ። ስለዚህ መምህር ይትባረክን ሳመሰግን በዋዛ አይደለም።

ቪዲዮ ቤቱ በጄኔሬተር የሚሠራ ጭቃ ቤት ነበር። መስኮቶቹ በጆንያ የተደፈኑ፣ አግዳሚዎቹ ያልተላጉ፣ ስንጥራቸው የሚወጋ። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ በላዩ ላይ እትዬ ዘነበች በእጃቸው የሠሩት ዳንቴል አለ። በአዘቦቱ ቀን የሚታየው ካራቴና የህንድ ፊልም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ ገበያው ሲበተን፣ የመምህር ይትባረክ ነበረች። የእትዬ ዘነበችን ልጅ ሒሳብ ስላስጠኑላቸው ቅዳሜዋን ሰጥተዋቸዋል።

ከጎጃም ተመድበው የመጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማይወጣቸው። የሚወዱት የድሮ የወንጀል ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጩን። ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች በዝናብ የሚሄዱበት፣ ጥይት ሁለቴ ብቻ የሚተኮስበት፣ ሴትዮዋ ሲጋራዋን ለኩሳ እስክትናገር አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥተህ የምትጨርስበት ዓይነት። ካሴቶቹን የጭነት መኪና ሾፌሮች ከአዲስ አበባ ያመጡላቸዋል። እሳቸው ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆመው እንግሊዝኛውን በአማርኛ ይነግሩናል። ንግግር ሲጠፋም ዝም አይሉም።

«ጥላውን እዩት» ይላሉ። «ሰውየው ገና በሩ ጋ ነው፤ ጥላው ግን አልጋው ጋ ደርሷል። ይሄ ሰው የመጣው ለደግ አይደለም።»

ሰውየው እውነትም ለደግ አልመጣም ነበር። ጥላ የሚያወራ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

ፊልሙ ሳይጀመር ከኪሳቸው የጋዜጣ ቁራጭ ያወጣሉ። አዲስ አበባ አንድ ሰው ስለነዚህ ፊልሞች ይጽፍ ነበር። ጋዜጣው ጂንካ የሚደርሰው አርጅቶ ነው፤ አንዳንዴም ስኳር ተጠቅልሎበት። ሌላው ሁሉ ፊልሞቹን «ያረጀ የፈረንጅ ተረት» ሲላቸው ያ ሰው ብቻውን ይሟገትላቸው ነበር። መምህር ጽሑፉን የሚያነቡት እንደ ዘመድ ደብዳቤ ነው። አንድ ቀን አንድ ወታደር አቋረጣቸው።

«ቆይ መምህር፣ የዚህ ሰውዬ ሥራው ምንድነው? ፊልም ማየት?»

«ሃያሲ ይባላል። አንተ አየሁ ብለህ ያለፍከውን፣ ተመለስ፣ አላየኸውም የሚልህ ሰው ነው።»

«እንዲህማ ከሆነ ሚስቴም ሃያሲ ናት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መምህርም ያለ ድምፅ ሳቁ።

ሳቅ ግን አግዳሚ አይሞላም። ሰው እየተንጠባጠበ ይወጣ ጀመር፤ አንዳንዱም «ቀለሙን ልቀቁት!» እያለ ይጮሃል። እትዬ ዘነበች ትዕግሥታቸው አለቀ።

«መምህር፣ እኔ እርስዎን አከብራለሁ» አሏቸው ሰው ፊት። «ግን የእርስዎ ሰዎች ቆመው ያወራሉ እንጂ አይደባደቡም። የዛሬ ሳምንት ሰው እያቋረጠ ከወጣ፣ ቅዳሜዋን ለካራቴ እመልሳታለሁ።»

መምህር ለዚያች ቅዳሜ የመረጡት ለእሳቸው ከሁሉም የሚበልጠውን ፊልም ነው። ተማሪ ሳሉ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተው ጀምረውት፣ ሊያልቅ ሲል መብራት ጠፋ፤ ሰዓት እላፊ ስለደረሰ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አምስት ዓመት ገዳዩን ሳያውቁ ኖረዋል። ሃያሲውም ስለዚህ ፊልም ገጽ ሙሉ ጽፎ መጨረሻውን ትቶታል፤ «መጨረሻውን የሚነግራችሁ ወዳጃችሁ አይደለም» ብሎ ነው የዘጋው። ካሴቱ ከመጣ ወር አልፎት እትዬ ዘነበች ቤት፣ ከማጫወቻው ጎን ተቀምጦ ነበር። ብቻቸውን ሊያዩት ይችሉ ነበር። «ከሰው ጋር ነው የማየው» ብለው ቆዩ።

ቅዳሜ ደረሰ። አባቴ ኮረሪማውን ሸጦ እኔን ይዞ ገባ። አባቴ የአሪ ገበሬ ነው፤ ወደ ገዘር በሚወስደው መንገድ ያሉ ጎረቤታሞች ሲካካዱ ተጠርቶ የሚፈርድ ሽማግሌ። አማርኛው አጭር ናት፤ የሚያወጣትን ቃል ግን ያውቃታል።

ፊልሙ ላይ አንድ ሀብታም ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ሚስቱ አለች፣ ወንድሙ አለ፣ ዘበኛው አለ። መርማሪው አይቸኩልም፤ አንድ ነገር ይጠይቅና መስኮት መስኮቱን ያያል። ያን ቀን «ቀለም» ያለ ሰው የለም። ፊልሙም ውስጥ ይዘንባል፣ ቆርቆሯችን ላይም ይዘንባል፤ የቱ የማን እንደሆነ አይለይም። በመጨረሻ መርማሪው ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው። ባርኔጣውን አወለቀ። መምህር መተርጎሙን ትተው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። መርማሪው ጣቱን አነሳና…

ከበሮ ተመታ።

ቴሌቪዥኑ ባለ ቀለም ሆነ። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ፣ እስክስታ፣ እልልታ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። «ቀለም መጣ!»

«ሚስቲቱ አገባች!» አለ ወታደሩ ብድግ ብሎ። «እሷ ናት ያስገደለችው፣ አላልኳችሁም?»

«ዝም በል ወዲያ፣ ያገባት መርማሪው ነው» አለው ከኋላ አንዱ።

እንዲህ ሲከራከሩ ሚዜው ዞረና ፊቱ ታየ። «እንዴ! ይሄ የመንገድ ሥራው ሾፌር አይደለም እንዴ?»

የእትዬ ዘነበች ልጅ የሰው ሠርግ የሚገለብጥበት ባዶ ካሴት አጥቶ፣ የፊልሙን ጫፍ አጥፍቶ ሠርጉን ገልብጦበታል።

የመምህርን ፊት አየሁት። እጃቸው ቴሌቪዥኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ሰው ይጮሃል፤ አግዳሚ ይገለበጣል። እትዬ ዘነበች ደንግጠው ወደ መምህር ጆሮ ጠጋ አሉ፤ እኔ ፊት ስለተቀመጥኩ ሰማኋቸው። «አንዱን ገዳይ ነው በሏቸው፤ ያምኑዎታል።»

ያምኗቸው ነበር። ማን እንግሊዝኛ ያውቃል? ቅዳሜያቸውም ትተርፋለች። እሳቸው ግን ዞሩና፣ «ማን እንደገደለው አላውቅም» አሉ። «እኔም እንደናንተ ልሰማ ነበር የመጣሁት።»

የተማረ ሰው በሰው ፊት አላውቅም ሲል ያን ጊዜ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው አይቻለሁ፤ ስንቱ ሳያውቅ ፈርዶብኛል!

አባቴ ተነሳ።

«አስተማሪ፣ ሰውዬው ተቀበረ። ሰዎቹ ከቀብር ተመለሱ። የሟቹ ወንበር ላይ ማነው የተቀመጠው?»

መምህር አሰቡ። «ወንበር?»

«ትልቁ ወንበር። ሚስቱ ቆመች። ዘበኛው ቆመ። ወንድሙ ተቀመጠ። ገና አፈሩ እርጥብ ነው።»

ካሴቱን ወደ ኋላ መለሱት። እውነት ነው፤ በክፍሉ ጥግ፣ ማንም ሳያየው፣ ወንድምዬው ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። መምህር ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«አባቴ፣ ይሄን እኔም አላየሁት፤ ሃያሲውም አልጻፈው!»

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ሆነ። ወታደሩ ለሚስቲቱ ጠበቃ ቆመ። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ዘበኛውን ጠረጠረች፤ አባቴ «ጫማው ደረቅ ነው፣ ከዘብ ቤቱ በዝናብ አልመጣም» ብሎ መለሰላት። ካሴቱ እየተመለሰ ጫማው ታየ፤ ደረቅ ነው። መምህር አንዴም ጣልቃ አልገቡም። ወረቀት አውጥተው የእያንዳንዱን ሰው ቃል ይጽፋሉ፤ የእኔን አባት፣ ፈርሞ የማያውቀውን ሰው፣ ቃል ይጽፋሉ። ፍርዱ ተሰጠ፦ ወንድሙ ነው። የተቃወመችው ቅቤ ነጋዴዋ ብቻ ናት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አግዳሚው ሞልቶ ሰው ቆመ። ያንኑ ጫፍ የሌለውን ፊልም አምጡ አሉ። እትዬ ዘነበች ለቅዳሜ ያሰቡትን ካራቴ ለማክሰኞ አዞሩ። መምህር ዝውውር ደርሷቸው እስኪሄዱ ድረስ ቅዳሜዎቹ የእሳቸው ሆነው ቀሩ። ሲሄዱ የሸኛቸው ሰው ብዙ ነበር፤ አባቴ ኮረሪማ በጨርቅ ቋጥሮ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሱ አልሰማሁም። አባቴም ሞቷል።

ዛሬ የአንድ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነኝ። ዘንድሮ እዚያው የሚሠራ አንድ ልጅ ስለ ፊልሙ ስነግረው ከኮምፒውተሩ ፈልፍሎ አወጣው። በምሳ ሰዓት አብረን ተቀምጠን እስከ ጫፉ አየሁት። መርማሪው ጣቱን አነሳና ወደ ዘበኛው ጠቆመ።

ዘበኛ ነኝና አልገረመኝም። ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ ማን እንደሚያዝ አውቃለሁ። ግን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እትዬ ዘነበች ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ በረንዳቸው ላይ በርበሬ ይለቅማሉ።

«እትዬ፣ መጨረሻውን አየሁት። ዘበኛው ነው ይላሉ።»

በርበሬውን አስቀምጠው ቀና ብለው አዩኝ።

«ማናቸው እንዲህ የሚሉት?»

«ፊልሙን የሠሩት።»

«ተሳስተዋል» አሉ፤ ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ። «ጫማው ደረቅ ነበር እኮ። አባትህ ፈርዶ የለም እንዴ?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩና እኔም መልቀም ጀመርኩ።

«ፈርዷል እትዬ» አልኳቸው።