የሮቢ ጫካና የዘምዘም ምሰሶ

ሷሊሕ የሮቢ ወንዝ ዳር ጫካ ጠባቂ ነበር። የሾመው መንግሥት አይደለም፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች አንድ ጁምዓ ከሶላት በኋላ "የሁላችን ስለሆነ የማንም እንዳይሆን አንተ ያዘው" አሉት። ያዘው፤ አነቀው ቢባል ይቀላል። ጉንዳን ቅጠል ተሸክማ ስታልፍ እንኳ አስቁሞ "ከየት አመጣሽው?" ይላታል እያሉ ያሙታል። ቀንበጥ የበላች የገዛ ፍየሉን ጎትቶ ለሽማግሌ ከሷል። ፍየሏ ተፈርዶባት ታረደች፤ ከዳኞቹ ሁሉ አብልጦ የበላው ግን ራሱ ከሳሹ ነው።

ደንቡ አጭር ነው። ደረቅ እንጨት የፈለገ ይልቀም፤ እርጥብ የሚቆረጠው ለመቃብር ብቻ ነው። የሮቢ ጥቁር አፈር ይናዳል፣ ድንጋይም በቅርብ የለም፤ ስለዚህ ሟቹን አፈሩ እንዳይጫነው ግንድ ይረበረብለታል።

ሚስቱ ዘምዘም የቤታቸው ምሰሶ ከተሰነጠቀ ወዲህ አንድ ግራር ትለምነው ነበር።

"ክረምቱ ሳይገባ፣ አንዲት ብቻ።"

"ሞተሻል እንዴ? እህሉ ይድረስና ከጀውሃ ገበያ እገዛልሻለሁ።"

"ጫካውን አግብተው እኔን ዘበኛ ቢያደርጉኝ ይሻልዎት ነበር" ትልና ትስቃለች። ስንጥቁን በጠፍር አሰረችው፤ በላላ ቁጥር እየጎተተች ታጠብቀዋለች።

እህሉ ሳይደርስ ጣሊያን ደረሰ። ለሚሠራው መንገድ ድልድይ ግንድ ፈልጎ፣ ሽማግሌ ሳይጠይቅ ጫካው ውስጥ በመጋዝ ገባ። ወፎቹ ማረፊያ አጥተው የሷሊሕ ጥምጥም ላይ ወረፋ ያዙ። እሱ አንዱን ግራር አቅፎ አልለቅም አለ።

"ባለቤቱ ማነው ይላሉ" አለው አስተርጓሚው።

"የሁላችን ነው።"

የጣሊያኑ ሹም ሲተረጎምለት ሳቀ። "እንግዲያው የእኛም ነው" አለ። ሷሊሕን በሰደፍ ከግራሩ አላቀቁት። ግንዱ ሁሉ ካምፓቸው ውስጥ ተከመረ፤ ጫካው በነበረበት ጉቶ ብቻ ቀረ።

በዚያው ክረምት ዘምዘምን ወባ ወሰደቻት። ሴቶቹ እያጠቧት ሳሉ ጎረቤቱ አብዱልሃዲ አፈር እንደለበሰ ከመቃብሩ መጣ።

"ጉድጓዱ አልቋል። ግንዱስ?"

ሷሊሕ ወደ ካምፑ ሄደ። ክምሩ ከአጥሩ ወዲያ ይታያል፤ እያንዳንዱን ግንድ የት ቆሞ እንደነበር ያውቀዋል። አስተርጓሚው ገብቶ ወጣ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣

"እርጥብ እንጨት ለማንም አይሰጥም ይላሉ" አለ።

"እኔም እንዲሁ ነበር የምለው" አለ ሷሊሕ።

ቤቱ ተመልሶ ምሰሶው ስር ተንበረከከ። ጠፍሩን ሊፈታ ሞከረ፤ ዘምዘም አጥብቃው ኖሮ እምቢ አለው። በቢላዋ በጠሰው።

"ተው፣ ቤቱ ይወድቅብሃል" አለ አብዱልሃዲ።

"አንድ እንጨት ነበር የለመነችኝ።"

ምሰሶውን ሲያወጡት ጣሪያው እንደ ደከመው ግመል ተንበረከከ። ግንዱን ቆራርጠው ረበረቡላት። በእግሯ በኩል ጎደለ፤ ሷሊሕ ጫካ ሲጠብቅበት የኖረውን በትር አጋደመላት። ከዚያ አፈሩን መለሱ።