ያልደረቀችው ግመል

ይህ ታሪክ መነገር የሚገባው መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ነገሩ የአንዲት ትንሽ የእንጨት ግመል ነገር ነው፤ ሌላ ትልቅ ጉዳይ የለበትም። ሆኖም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ፣ ከግቢው አጥር ጀርባ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት የዋንዛ ፍቅፋቂ ሽታ በመጣ ቁጥር ልቤ ወዳደግኩባት ቆቦ ይሄዳል።

አባቴ ትንንሽ እንስሳት ከእንጨት እየቀረጸ ለአውቶቡስ መንገደኞች ይሸጥ ነበር። በሬውን ከወይራ፣ እርግቧን ከዋንዛ፣ ግመሏን ከግራር ይሠራል። ቀን የቀረጸውን አመሻሽ ላይ በረንዳችን ላይ ያለሰልሳል። መጀመሪያ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል፤ ቀጥሎ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፤ በመጨረሻ ኑግ ዘይት በነካ ጨርቅ ይወለውለዋል። ወይራው ዘይት ሲነካው ይጠቁራል፤ ዋንዛው ማር ይመስላል። እኔና ታላቅ እህቴ ዘሀራ ግራና ቀኙ ተቀምጠን፣ መለስለሱን በጉንጫችን እንፈትን ነበር።

ዘሀራ ትምህርቷን ስትጨርስ ዓረብ አገር ሄጄ ልሥራ አለች። አባቴ እሺም እንቢም አላለም። ፓስፖርቷ ሲወጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “አባ፣ አንተ የሠራሃትን ግመል ሳልይዝ አልሄድም።”

ግመሏን ወዲያው ቀረጻት። ማለስለሱ ላይ ግን ቆመ። እርጥብ ግራር ቢቸኩሉበት ይሰነጠቃል፤ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት። ሌሎቹን እየጨረሰ እሷን “ገና ናት” እያለ መደርደሪያው ላይ ይመልሳታል። ዘሀራም አንስታ ጉንጯ ላይ ታደርግና፣ “እውነትም ገና ናት” ትላለች። ወራት አለፉ። አብረዋት ሊሄዱ የነበሩት የጎረቤት ከተማዋ የዋጃ ልጆች ሄዱ።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄን እንጨት ማታ ማታ ወንዝ ውስጥ ነው እንዴ የምታሳድረው?” ትለዋለች እናቴ።

“የቆላ ግራር ነው፤ እልኸኛ ነው” ይላል።

እኔ አመንኩት። ላግዘው ብዬ አንድ ቅዳሜ ግመሏን አውርጄ የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አሰጣኋት። የቆቦን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ ብትሆን ኖሮ ገና በቀትር ለሁለት በተከፈለች ነበር። አመሻሽ ላይ አባቴ አገኛት። አንገቷን፣ ሆዷን፣ እግሮቿን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንድም ስንጥቅ አልነበረባትም።

እናቴ እንኳ አልቀለደችም። ዘሀራ መሬት መሬት ታያለች።

“ደርቃለች” አለ አባቴ።

“ትንሽ ብትቆይስ አባ?”

“ደርቃለች ልጄ። ከዚህ በላይ መንገድሽን አልዘጋም። የብርጭቆ ወረቀቱን አቀብይኝ።”

እንደዚያ ምሽት ቀስ ብሎ ሲያሽ አይቼው አላውቅም።

አሁን አባቴ የሚያለሰልሰው በኤሌክትሪክ ማሽን ነው፤ ድምፁ አያስወራም። ዘሀራ አርብ አርብ ትደውላለች፤ እሱ “ሙቀቱ እንዴት ነው?” ይላትና ስልኩን ለእናቴ ይሰጣል። ሦስታችን በረንዳው ላይ ተጠጋግተን የተቀመጥንባቸው ምሽቶች ግን ዛሬም ይናፍቁኛል። እነሱ ያበቁት ዘሀራ ግመሏን በነጠላዋ ጠቅልላ አውቶቡስ የተሳፈረች ዕለት ነው፤ ሰኔ አሥራ ሦስት፣ ረቡዕ ጠዋት።