የአርባ ቀን ስልቻ

ፍቅረ ሥላሴ ወገቡን የሚይዘው እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ደምበጫ ገበያ የጤፍ ጆንያ ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ጎንበስ ብሎ አያውቅም። በትሩ ከእጁ ቢወድቅ መንገደኛ እስኪያልፍ ቆሞ ይጠብቃል። ጫማውን የምታጠልቅለት ሚስቱ ታየች ናት። የጎረቤቱ የአበባው በሬ ማሳው ሲገባ ድንጋይ አያነሳም፤ በቃል ይገሥጸዋል። በሬው ግን ተግሣጽ የሚገባው አልነበረም።

ደብረ ማርቆስ ሄዶ ሐኪም ዘንድ ታይቷል። ሕመሙ እውነት ነው፣ ነገር ግን የተሰበረም የተዛነፈም የለም፣ ወገብ ደግሞ በፍርሃት ታስሮ አይድንምና በጥቂት በጥቂቱ ጎንበስ ቀና እያሉ ማልመድ ነው ብለውታል። ከዚህ ሁሉ ፍቅረ ሥላሴ የያዘው “ሕመሙ እውነት ነው” የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን የያዘችው ታየች ናት።

ባልና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። እናም አበባው ወንድ ልጅ ተወልዶለት “ክርስትና የምታነሳልኝ አንተ ነህ” ሲለው የፍቅረ ሥላሴ ዓይን እንባ አቀረረ። ደስታው ግን ቤቱ እስኪደርስ እንኳ አልቆየም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ቄሱ ከውኃው ሲያወጡት ጎንበስ ብሎ የሚቀበለው ደግሞ የክርስትና አባቱ ነው። እምቢ ቢል ልጁ ለሌላው ጎረቤት ለፍሥሐ ነው። ፍሥሐ ስድስት የክርስትና ልጆች አሉት፤ የአንዱንም ስም አያውቅም። ፍቅረ ሥላሴ ይህን ባሰበ ቁጥር አንጀቱ ያርራል።

ታየች ነገሩን ስታይ ስልቻ አመጣችና ጥቂት እፍኝ ስንዴ ጨምራ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

“ይኸውልህ ልጁ። እያነሳህ ተለማመድ” አለችው።

የመጀመሪያ ቀን ከማንሳቱ በፊት አማተበ፤ ቢሞት ጊደሯ ለእህቱ እንድትሰጥም ተናዘዘ። ከዚያ አነሳ። ወገቡን አመመው እንጂ አልተቆረጠም። በሳምንቱ ስልቻውን ታቅፎ እሹሩሩ ይል ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ታየች ከመደቡ ወደ መሬት አወረደችው። ባሏ ከብት ሊያይ በወጣ ቁጥርም አንድ እፍኝ ትጨምራለች። ዛሬስ ከበደኝ ሲላት፣ የሚጠባ ልጅ ይከብዳል እንጂ ይቀላል ወይ ትለዋለች። እሱም አመነ። አበባውን ባገኘው ቁጥር ልጅህ ደህና አድርጎ ይጠባል እያለ ይመሰክርለታል፤ ልጁን ግን ከሩቅ ከማየት በቀር ነክቶት አያውቅም።

አርባው ቀን ሞላ። ቄስ ዘማርያም ልጁን ከውኃው አውጥተው ሲዘረጉለት ፍቅረ ሥላሴ ጥርሱን ነከሰ፣ ጎንበስ አለ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ አነሳ። ሕፃኑ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው።

“ቀስ በል ልጄ” አሉት ቄሱ። “ወደ ሰማይ የሚሄድበት ቀኑ ገና ነው።”

ፍቅረ ሥላሴን ግን ሌላ ነገር አስደንግጦታል፤ ያ ሁሉ ክብደት የት ገባ? ወደ አበባው ጠጋ ብሎ፣ ልጁ ከስቷል፣ ቶሎ አሳዩት አለው። ታየች በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትንቀጠቀጣለች፤ ሰው ለቅሶ መስሎት አዘነላት። ልጁ ግን በዚያች ሰዓት የፍቅረ ሥላሴን ጣት ጨብጦ ያዘ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ክብደቱንም ወገቡንም ረሳና በሰው ፊት አለቀሰ።

ቤት ሲገቡ ታየች ስልቻውን ፈትታ አሳየችው። ስንዴው የልጁን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ፍቅረ ሥላሴ ይህን እንዳየ ወዲያው ወገቡን ያዘ።

“ልትገድይኝ ነበር” አላት።

“አርባ ቀን ሙሉ ገደልኩህ፤ አልሞትክም” አለችና የስልቻውን አፍ መልሳ አሰረችው። “በል አሁን ወፍጮ ቤቱ ሳይዘጋ አድርስልኝ።”

ወገቡ ያመዋል፤ ነገም ማመሙ አይቀርም። ትንሽ ቆሞ ስልቻውን አየው። ከዚያ አማተበ፣ ጎንበስ አለ፣ ታቅፎትም ወጣ። መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ እሹሩሩ ሲል ሰምቶታል።