ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

መምህር ሰሊሆምን ልንገራችሁ። በ1989 ዓ.ም. ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ባለው ኮሌጃችን ፊዚክስ ያስተምር ነበር፤ እኔ አሰፋሽ ደግሞ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ። ሲራመድ የሚሮጥ፣ ምሳ መብላቱን ረስቶ ሌላ ምሳ የሚያዝ ሰው!

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቱ ስለ ጨረር መለኪያ ነበር። «አየሽ አሴ፣» ይለኛል፣ «ለካንሰር በሽተኛ የሚሰጠው ጨረር ልኩ የሚታወቀው፣ መለኪያው ውስጥ ባለች ትንሽ የአየር ክፍተት ነው። ንድፈ ሐሳቡ፣ ክፍተቷ በጣም ትንሽ ከሆነች ጨረሩን አትረብሽም ይላል። እውነት መሆኑን በኮምፒውተር እፈትናለሁ።» አፈታተኑ ጉድ ነው! ኮምፒውተሩ በሐሳብ ሚሊዮን ጨረር ይለቃል፤ እያንዳንዷ ወዴት እንደምትሄድም ዕጣ ያወጣላታል። ስድስት ሰዓት ሙሉ ያለ ዕረፍት።

ውጤቱ ሰኞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ካልደረሰ ምረቃው ለዓመት ይገፋል። ዶርዜ ያሉት እናቱ ደግሞ ለምረቃው ሰንጋ ማድለብ ጀምረዋል።

ኮምፒውተሩ ግን ረቡዕ ቀትር ላይ ድርግም። ሐሙስም ድርግም። ዓርብም! መብራት ጠፋ እንዳይል፣ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይታያል። ሰሊሆም ፊቱ አመድ መሰለ።

ዓርብ አቧራ ልጠርግ ብዬ ዳንቴሉን ሳነሳ... ቆይ፣ ዳንቴሉን አልነገርኳችሁም። በእጄ የሠራሁት፣ ጽጌረዳ ያለበት፣ ቤት ቴሌቪዥን የምናለብሰው ዓይነት። አቧራ እንዳይገባ ብዬ ወፍራም ገበር አድርጌለት፣ አየር ማስወጫውን ሳይቀር ሸፍኜዋለሁ። ሰሊሆምም «እጅሽ ይባረክ!» ብሎኝ ነበር።

ሳነሳው እጄን ፈጀኝ። ለካ ማሽኑ ሙቀቱ መውጫ እያጣ ነው የሚጠፋው! ወይ ጉዴ! ሰውዬውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ! ዝም ልበል? ማን ያውቅብኛል? ግን እናቱና ሰንጋው ትዝ አሉኝ።

«መምህሬ፣ ግደለኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣» አልኩና ዳንቴሉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

ዳበሰው። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አሴ! ክፍተቷ አትረብሽም ተባለ እንጂ፣ ዳንቴል አይረብሽም ማን አለ!»

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን ራቁቱን አስነስተን፣ በፋይል ካርቶን ተራ በተራ አራገብንለት። ክንዴ ዛለ። ስምንት ሰዓት ላይ ቁጥሩ ወጣ፤ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር ያለው ልዩነት ከመቶ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰሊሆም አቅፎ አሽከረከረኝ፣ ወንበር ተገለበጠ፣ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት! እሑድ ማለዳ በአውቶቡስ ሄደ። ዳንቴሌንም ይዞብኝ ሄደ፤ ሌባ!

ሐምሌ ላይ ፎቶ ላከልኝ። ካባ ለብሷል፤ የታቀፈው የጥናት መጽሐፍ ደግሞ የኔን ዳንቴል ለብሷል። ፎቶው ጀርባ ላይ «አሴ፣ ይሄኛው አይግልም» ብሎ ጽፎበታል።